የዩኒቨርሲቲ ጥሪና የገበሬው ጎተራ

የ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአድአ ወረዳ ከቢሾፍቱ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ፣ አንድ አባት በሬያቸውን በገመድ ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። በሬው ጎልማሳ፣ ለቀንበር የጠነከረ፣ ከባልንጀራው ጋር ለዓመታት አብሮ የተጠመደ ነው። እኚህ ገበሬ በሬያቸውን ለገበያ ያወጡት ድርቅ ስለመታቸው ወይም ሰው ስለታመመባቸው አልነበረም። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ስለተመደበች ነው።

«እልልታው ሳያበቃ ‹ምን ይዛ ትሂድ?› የሚለው መጣ። ደስታው ገብቶ ሳይቀመጥ ሐሳብ ሆኖ ተነሣብኝ» ሲሉ ነበር ሁኔታውን ያስረዱን።

ደስታው የዋዛ እንዳልነበረ መናገር ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት የሚያመጣው ተማሪ እጅግ አነስተኛ ሆኗል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ከመቶ ተፈታኝ አምስቱ ብቻ ባለፉበት ዓመት ከአንድ የገጠር ቀበሌ አንዲት የገበሬ ልጅ አልፋለች ማለት በመንደሩ ለብዙ ጊዜ የሚነገር ነገር ነው። እንዲህ ያለችው ልጅ በአንሶላና በመኪና መሳፈሪያ ምክንያት ቤት ብትቀር ጉዳቱ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ልጅቷ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የጻፈችውን ዝርዝር አሳየችን። ዝርዝሩ 11 መስመር አለው። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ብርድ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ከዩኒቨርሲቲው የጥሪ ማስታወቂያ የተቀዱ ናቸው። ጉርድ ፎቶግራፍና የትምህርት ማስረጃ ቅጂም እንዲሁ። ከዚያ ሻንጣ፣ ጫማ፣ የገላና የልብስ ሳሙና፣ የመኪና ይላል። በመጨረሻው መስመር ላይ «የእጅ ገንዘብ» ተብሎ ተጽፏል። ከሌሎቹ ሁሉ ፊት ለፊት ዋጋ ሲኖር ከዚህኛው ፊት ምንም ቁጥር የለም።

ለምን ባዶውን እንደተወችው ብንጠይቃት፣ «ስንት እንደሚበቃኝ አላውቅም። ብዙ ብዬ ብጽፍ አባቴ ይደነግጣል፤ ትንሽ ብዬ ብጽፍ እዚያ ሄጄ እቸገራለሁ» አለች። አባትየው በበኩላቸው ያን ባዶ ቦታ አይተው የመሰላቸው ገንዘቡ ከመጠን በላይ ሆኖ ልጅቷ የፈራች ነው። በሬውን ያስወጣቸውም ይኸው ያልተጻፈው ቁጥር ነው ለማለት ይቻላል። ከ11ዱ መስመሮች ሌላ ልጅቷ ለእናቷ ብቻ የነገረችው አንድ ነገር ነበር፤ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ። እናትየው ዶሮና ዕንቁላል ሸጠው ለብቻው በጨርቅ ቋጥረው ሰጥተዋታል። ስለ ተማሪ ወጪ በስብሰባ ሲወራ ይህ ጉዳይ ስለማይነሣ ሴት ልጆች የሚይዙት የእጅ ገንዘብ ከወንዶቹ እኩል ሆኖ ይገመታል። ስሌቱ ግን እኩል አይደለም።

አባትየው ሌላም ትልቅ ፍርሃት ነበራቸው። በገበያ የሰሙት ወሬ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ዕዳ ይፈርማል፣ መክፈል ያቃተው እንደሆነ የአባቱ መሬት ይያዛል የሚል ነው። ይህን ወሬ በዚህ ቀበሌ ብቻ አልሰማነውም። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ጉዳዩን ጠንቅቀው አውቀው ለአባላት ቢያስረዱ ተገቢ ስለሚሆን ደንቡ የሚለውን ባጭሩ እንገልጻለን።

እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የትምህርቱም፣ የምግቡም፣ የመኝታውም ወጪ በመንግሥት ይሸፈን ነበር። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ መሠረት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት ተተክቷል። በዚህ ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪም ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ነገር ግን በመግቢያው በር ላይ ይህን ገንዘብ እንዲከፍል አይገደድም። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ውል ይፈርማል፤ ይማራል፤ ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ በየወሩ ከገቢው ከ10 በመቶ ያላነሰ እየተቆረጠ ይከፍላል። የመክፈያው ዘመን ከ15 ዓመት አይበልጥም። መምህር ለመሆን የሚሠለጥኑትን ለመሰሉ ተማሪዎች ወጪውን በአገልግሎት የመመለስ ዕድልም በደንቡ ተቀምጧል።

ውሉን የሚፈርመው ተማሪው ራሱ ነው። የአባት መሬት፣ የአባት በሬ፣ የአባት ቤት የዚህ ውል መያዣ አይደለም። ይህን ቃል አንድ ሊቀ መንበር በስብሰባ ላይ ቆሞ በግልጽ ቢናገር ብዙ አባቶች በዚያች ሌሊት ደህና እንቅልፍ ይተኛሉ። ሆኖም ዕዳ የለም ብሎ ማባበልም ትክክል አይሆንም። የዲግሪው ዋናው ማስረጃ በአብዛኛው ክፍያው እስኪጠናቀቅ ድረስ ስለማይሰጥ፣ ሥራ አጥቶ የሚቀመጥ ተመራቂ የሚቸገርበት ጊዜ አለ። ልጁም አባቱም ይህን አውቀው ቢገቡበት ይሻላል። በግል ኮሌጅ የሚማር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከኪሱ ይከፍላል። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱ አሠራር ስላለው ወደዚያ የሚያመለክት ተማሪ ማስታወቂያውን ራሱ አንብቦ ቢረዳ መልካም ነው።

ታዲያ በበር ላይ የሚጠየቅ ክፍያ ከሌለ በሬው ስለምን ለገበያ ወጣ? መልሱ ያለው በወሩ ላይ ነው።

አድአ የጤፍ አገር ነው። መረሬው መሬት በክረምቱ ተደጋግሞ ይታረሳል፤ ጤፉ በሐምሌ ይዘራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ከዚያ ክምሩ፣ አውድማው፣ ማበጠሩ አለ። ገበሬው እጁ ላይ ብር የሚያየው በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ነው። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ደግሞ ከዓመት ዓመት ቢለዋወጥም ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ነው። በዚህ ወቅት የአምናው እህል ከጎተራው ተጠርጎ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ የዘንድሮው በማሳው ላይ ነው፤ ሽምብራው ገና መብቀሉ ነው፤ እጁ ላይ የነበረውም ገንዘብ በክረምቱ ለማዳበሪያ ወጥቷል። ስለሆነም ገበሬው ሀብት አጥቶ ሳይሆን ሀብቱ ቆሞ እየታየ ገንዘብ ያጣል። እኚህ አባት የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. ያወጣውን ቁንጮ የተባለውን ጤፍ ዘርተው ማሳው ፍሬውን ይዞ ወደ ቢጫነት እየተለወጠ ነበር። ልጅቷ ግን በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሰመራ መድረስ ነበረባት።

በጥቅምት በሬ ይዞ ገበያ የወጣን ገበሬ ነጋዴው ያውቀዋል። ችግር እንደነዳው ስለሚረዳ ዋጋውን ይሰብርበታል። በሬው ተሸጦ ሌላ ለመግዛት ሲታሰብ ደግሞ የእርሻ ወራት ደርሶ ሁሉም በሬ የሚፈልግበት፣ ዋጋውም የሚወጣበት ጊዜ ይሆናል። የቀረው አንዱ በሬ ብቻውን አያርስም። ገበሬው እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል፤ አንድ ቀን ለእርሱ፣ አንድ ቀን ለጎረቤቱ። የጤፍ መሬት አራት አምስት ጊዜ መታረስ የሚሻ በመሆኑ በመቀናጆ የሚያርስ ሰው የእርሻ ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ዘሩ ይዘገይበታል፤ ዘግይቶ የተዘራ ጤፍ ደግሞ ፍሬ ሳይሞላ እርጥበቱ ያልቅበታል። በዚህ ዓይነት ለአንሶላና ለሻንጣ የተሸጠው በሬ የሚቀጥለውን ዓመት ምርት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ልጅቷም ሁለተኛ ዓመት ስትገባ አባቷ የሚልኩላት ያጣሉ።

ሌላው መንገድ የባሰ ነው። አራጣ ያበደረ ሰው ጥር እስኪደርስ ወለዱን እየቆጠረ ይቀመጣል። ጤፉን ገና በማሳው ላይ ሳለ ለነጋዴ የሚሸጥም አለ፤ ዋጋው የሚቆረጠው በገዢው አፍ ነው። ይህ ጸሐፊ ከዚህ ቀደም በዞረባቸው ቀበሌዎች በዚህ መንገድ ጎተራውን ሳያይ ያስረከበ አባት ገጥሞታል። ጠፍቶበት አልነበረም፤ ጊዜ አጥቶ ነው።

በዚሁ ቀበሌ ከአንድ ዓመት በፊት የሆነውን ብንናገር ጉዳዩ ይበልጥ ይብራራል። በ2016 ዓ.ም. አንድ ወጣት ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። አባቱ ጊደር ሸጠው ዋጋውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አስያዙት። ልጁ ከዚያ በፊት ይህን ያህል ገንዘብ በእጁ ይዞ አያውቅም። ጥቂቱን ለጓደኛ አበደረ፤ ጥቂቱ በስልክ አለቀ፤ የቀረው የት እንደደረሰ ራሱም አያውቅም። ሁለት ወር ሳይሞላ ሃንዳውት ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣበት አጣ። ከጓደኞቹ እየተዋሰ ጥቂት ቆየ፤ ኋላ ከክፍል መቅረት ጀመረ፤ በመጨረሻም ወደ ቤቱ ተመልሶ «ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው ተዘግቷል» አለ። ቤተሰቡ እውነቱን ያወቀው በግንቦት ነው። አሁን በአካባቢው በሚገኝ አንድ የአበባ እርሻ የቀን ሥራ ይሠራል።

«የቸገረኝ ገንዘቡ አልነበረም። ጊደሯን የሸጠልኝን ሰው ‹አለቀ› ብዬ ደግሜ መጠየቁ ነው ያቃተኝ» ሲል አጫወተን።

ይህ ጸሐፊም ወጣቱን ለመውቀስ አንደበቱ አይፈታም። እኔ ራሴ ዲፕሎማዬን ልማር ስወጣ አባቴ «ይበቃሃል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ እንደማይበቃኝ እያወቅሁ «ይተርፈኛል» ብዬ ነው የሄድሁት። የገበሬ ልጅ ከአባቱ ጋር ስለ እርሻ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ይነጋገራል፤ ስለ ገንዘብ ግን ሁለቱም ይተፋፈራሉ። አባት የለኝም ማለት ያሳፍረዋል፤ ልጅ ስጠኝ ማለት ያሳፍረዋል። በመካከል ያለውን ዝምታ የሚሞላው ወሬ ነው።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በሬው የዚያን ቀን ገበያ አልደረሰም። መንገድ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር አገኟቸውና ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቁ። ነገሩን ሲሰሙ፣ «የአምናውን ልጅ ያጠፋነው እኛም ነን። እስኪ ዛሬን ይዋል» ብለው በሬውን አስመለሱ። በዚያው ምሽት የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ተጠራ። አባትየው የማኅበሩ አባል ናቸው፤ በየዓመቱም ጤፋቸውን ለማኅበሩ ያስረክባሉ። ኮሚቴው ማሳቸውን አይቶ በሁለት ኩንታል ጤፍ ግምት ቅድሚያ ክፍያ እንዲሰጣቸው፣ እህሉም ተወቅቶ ሲገባ ከሒሳቡ እንዲቀነስ ወሰነ። ልጅቷና አባቷም በኮሚቴው ፊት ዝርዝሩን እንደገና ሠሩት። ባዶ የነበረው 11ኛ መስመር ያን ዕለት በቁጥር ተሞላ። ስለ ኑሮው ያስረዳቸው እዚያው ተጠርቶ የመጣው የአምናው ወጣት ነበር።

ውሳኔው ግን ያለ ክርክር አልተላለፈም። አንድ የኮሚቴ አባል «ዛሬ ለእርሳቸው ከሰጠን ነገ ለማን እንከለክላለን? ማኅበሩ የነጋዴ ሥራ እንጂ የዕርዳታ ድርጅት ሥራ የለውም» ሲሉ ተቃውመዋል። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ነው። የማኅበር ገንዘብ የአባላት ሁሉ ገንዘብ ስለሆነ በሊቀ መንበር በጎ ፈቃድ ብቻ የሚወጣ መሆን አይገባውም። በመጨረሻ የተስማሙት ክፍያው ለአባል፣ በራሱ ምርት ልክ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የምደባ ማስረጃ ሲቀርብ ብቻ እንዲፈጸም፣ አሠራሩም ለጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ እንዲጸድቅ ነው። ይህም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። በቀበሌው መሬታቸውን ለእኩል የሰጡ፣ የሚያስረክቡት ምርት የሌላቸው አንዲት ባል የሞተባቸው እናት አሉ፤ ልጃቸው 11ኛ ክፍል ነው። ለእርሳቸው የሚሆን መንገድ በዚያ ምሽት አልተገኘም። ዕድሩ ይርዳ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ አንድ ሽማግሌ «ዕድር ለሞተ ነው» አሉ። ሌላው ቀበል አድርገው «ለሚሄድስ?» ብለው ጠየቁ። መልስ ሳይሰጥ ስብሰባው ተበተነ።

ስለ አያያዙም ምክር ተሰጥቷል። አባትየው ገንዘቡን ሁሉ ለልጅቷ አላስያዟትም። ለመንገድና ለመጀመሪያው ወር የሚበቃውን ሰጥተው የቀረውን በየወሩ በቴሌብር ሊልኩላት ተስማሙ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ለመላክ ከተማ መውጣት ግድ ስላልሆነ ይህ አሠራር ለገጠር ቤተሰብ የሚመች ነው። በየወሩ የሚላክ ጥቂት ገንዘብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ልጅና አባት በየወሩ ስለ ገንዘብ መነጋገር ይለምዳሉ። ከዚህም ሌላ ሊቀ መንበሩ የቤተሰቡን የኑሮ ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅተም አድርገው አስይዘዋታል። በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ችግረኛ ተማሪዎችን የሚረዱ የተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበባት ስላሉ እንዲህ ያለ ማስረጃ የያዘ ተማሪ ሲቸግረው የሚያሳየው አያጣም። ደብዳቤው ወጪው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ይሁንና ብዙ ቀበሌዎች ተማሪው ራሱ መጥቶ እስኪለምን ይጠብቃሉ።

ዕድሜያችሁ የገፋ መሪዎች እንደምታስታውሱት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጥቶ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከወጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ አባላትን በመመዝገብና በማደራጀት ሥራ ተሳትፈዋል። ያን ጊዜ የከተማው ተማሪ ወደ ገበሬው መጣ። ዛሬ ማኅበሩ በመዝገብ ላይ ቀበሌ አስተዳደር ቢባልም በብዙ ቦታ ገበሬው «ገበሬ ማኅበር» ማለቱን አልተወም፤ የገበሬውም ልጅ በተራው ተማሪ ሆኖ ይወጣል። በመዝገባችሁ ስንት ጥማድ በሬ፣ ስንት ሄክታር፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንዳለ ተጽፏል። በዚህ ዓመት ከቀበሌያችሁ ስንት ልጅ 12ኛ ክፍል እንደሚፈተን የተጻፈበት መዝገብ ግን ስንጠይቅ ያሳየን ቀበሌ እስካሁን አላጋጠመንም።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወደዚያው ቀበሌ ተመልሰን ነበር። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ የሁለቱ ኩንታል ሒሳብም ተቀንሷል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን አውጥተው አሳዩን። ሊቀ መንበሩ ደግሞ አዲስ ደብተር ከፍተው በዓመቱ የሚፈተኑትን ልጆች ስም መዝግበዋል፤ ስድስት ናቸው። ወላጆቻቸውን በሰኔ፣ ፈተናው ሳይደርስ ሊሰበስቧቸው አስበው ነበር። «በሰኔ የተነገረው ሰው በጥቅምት አይደነግጥም። ቢያንስ ዕቁቡን በዚያ ወር እንዲደርሰው ያመቻቻል፤ በግ ቢያረባ ለዚያ ያቆያል» ሲሉ ሐሳባቸውን ገልጸዋል። ከስድስቱ ማን እንደሚያልፍ ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። ያላለፈው ለአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም የተመረጠ እንደሆነ ደግሞ ወጪው ያው ሆኖ በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ የእርሱ ቤተሰብ ሥጋት እጥፍ ነው።

የልጅቷን አባት ያገኘናቸው ሁለቱን በሬዎች ጭድ እያበሉ ነበር። በመካከሉ ስልካቸው ጮኸ፤ ከሰመራ ነው። አባትየው ሰመራን አይተው ስለማያውቁና በማስታወቂያው ላይ ብርድ ልብስ ስለተባለ ከገበያው ሁሉ ወፍራሙን መርጠው ነበር የገዙላት። የአፋር ሙቀት እንዴት እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም። ልጅቷ እስካሁን እንዳልዘረጋችው ስትነግራቸው እየሳቁ ስልኩን ወደ እኛ አዞሩልን።

«ለክረምት ስመጣ ይዤው እመጣለሁ» አለች። «ለእማዬ ይሁናት። የዚህን ወር ደግሞ ትንሽ ቀንሳችሁ ላኩ፤ ያለፈው አልጨረሰም።»